ለጋዜጣ የሚላክ አስተያየት ከሐዋሳ፦ አቋም ከመያዝ እስከ መላክ

ከሐዋሳ ለአዲስ አበባ ጋዜጦች አስተያየት የሚልኩ ሰዎች ረቂቃቸውን አስቀድሜ እንዳነብላቸው ይሰጡኛል። አብዛኞቹ አማርኛን አሳምረው የሚጽፉ፣ ጉዳዩን በዐይናቸው ያዩና ከልባቸው የተቆረቆሩ ናቸው። ጽሑፋቸው ግን ወይ ሳይታተም ይቀራል፣ ወይ ታትሞ ማንም መልስ ሳይሰጥበት ያልፋል። ደጋግሜ የማየው ምክንያት አንድ ነው፦ በጽሑፉ ውስጥ አንድ የታወቀ ነገር እንዲያደርግ የተጠየቀ ባለቤት የለም። ጉዳዩ «ትኩረት ያሻዋል»፣ «ሊታሰብበት ይገባል»፣ «የሚመለከተው አካል መፍትሔ ይፈልግለት» ተብሎ ያበቃል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚቃወም ሰው አይገኝም፤ የሚቃወመው ከሌለ ደግሞ የሚሠራበትም የለም።

ነገሩ እንዲጨበጥ ከመጀመሪያው ደረጃ እስከ መጨረሻው በአንድ ምሳሌ እንሠራለን፦ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ለመራባት ያልደረሰ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው የዓሣ ዓይነት) ሲሸጥ አይተዋል፣ መቆም አለበትም ብለው ያምናሉ። የእርስዎ ጉዳይ የባጃጅ ታሪፍ ወይም የመንገድ መብራት ከሆነ በዓሣው ቦታ እየተኩ ይከተሉ።

ደረጃ 1፦ ከመጻፍ በፊት የሚዘጋጅ

1. ጋዜጣውን አስቀድመው ይምረጡ፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወይም አራት እትሞችም ከዳር እስከ ዳር ያንብቡ። ርዕሰ አንቀጽ የጋዜጣው የራሱ አቋም ስለሆነ ከውጭ ጸሐፊ አይቀበሉበትም፤ የአንባቢ ጽሑፍ የሚስተናገድበት ዓምድ ሌላ ነው። በሪፖርተር ለምሳሌ «ልናገር» በተሰኘው ዓምድ የሚወጣ ጽሑፍ የጸሐፊውን አመለካከት ብቻ እንደሚያንፀባርቅ የሚገልጽ የአዘጋጁ ማስታወሻ አብሮት ይታተማል። ለሚጽፉት እያንዳንዱ ቃል ኃላፊው እርስዎ እንደሆኑ ከዚህ ማስታወሻ ይረዱ።

2. በመረጡት ዓምድ የወጡ ሦስት ጽሑፎችን ቃላት ይቁጠሩ። ረቂቅዎ ከእነዚህ አማካይ እንዳይበልጥ ያድርጉ።

3. ደብተር ይያዙና ገጹን በሦስት ይክፈሉት፦ ያየሁት፣ የሰማሁት፣ ያነበብኩት። ይህ ክፍፍል በደረጃ 4 ብዙ ድካም ያድንዎታል።

4. በተቆጡበት ቀን ማስታወሻ ይያዙ እንጂ ረቂቅ አይጻፉ። ቁጣው የጉዳዩን ዝርዝር ለማስታወስ ይረዳል፤ ቃል ለመምረጥ ግን አያመችም።

ማስጠንቀቂያ፦ በጉዳዩ ጥቅም ካለዎት፣ ለምሳሌ ወንድምዎ ዓሣ ነጋዴ ከሆነ ወይም እርስዎ በሚወቅሱት መሥሪያ ቤት ሠርተው ከሆነ፣ ይህን በጽሑፉ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስታውቁ። አንባቢ በኋላ ከሌላ ሰው ከሰማው ያቀረቡት ማስረጃ ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ የሚያምንዎት አያገኙም።

ደረጃ 2፦ አቋምዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ስለሆነ በዚህ ደረጃ ላይ አይቸኩሉ። ዓረፍተ ነገሩ እስኪጠራ ድረስ ወደ ረቂቅ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው።

በመጀመሪያ እጅዎ ላይ የሚመጣው ምናልባት እንዲህ ያለ ይሆናል፦ «በሐዋሳ ሐይቅ የዓሣ ሀብት ላይ እየደረሰ ያለው ጉዳት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጨመረ በመምጣቱ የሚመለከተው አካል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።» ስሕተት የለበትም፤ ግን ምንም አልተናገረም። በሚከተሉት ጥያቄዎች ይፈትሹት።

1. ጉዳቱን የሚያደርሰው ማን ነው?
2. «አካሉ» የትኛው መሥሪያ ቤት ነው?
3. ያ መሥሪያ ቤት ትኩረት ሰጠ የሚባለው ሰኞ ጠዋት ምን ሲያደርግ ነው?
4. ይህ ሲደረግ ማን ይጎዳል? ማንስ ይቃወማል?

አራቱን መልሰው እንደገና ሲጽፉት ወደዚህ ይጠጋል፦ «ሥልጣኑ ያለው መሥሪያ ቤት በአሞራ ገደል መግቢያ ተቆጣጣሪ ያቁም፤ ተቆጣጣሪው እያንዳንዱን የቆሮሶ ጭነት እያየ ያልደረሰውን ይመልስ፤ አስጋሪው ለጊዜው ገቢ ቢቀንስበትም ይህ እርምጃ ሊዘገይ አይገባም።» አሁን የሚቆጣ ሰው ይኖራል፤ የሚመልስልዎ ሰውም እንዲሁ።

*ባለቤቱን ለማወቅ ቢቸገሩ።* የዓሣ ማስገር ቁጥጥር የከተማው አስተዳደር ነው ወይስ የክልሉ ግብርና ቢሮ? በግምት አይጻፉ። ሄደው ይጠይቁ፤ መልሱን ከሰጠዎት ሰው የሥራ ኃላፊነትና ከቀኑ ጋር ይመዝግቡ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የያዘውን መረጃ በጽሑፍ የመጠየቅ መብት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የተሰጠ ስለሆነ ማመልከቻዎን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን ገቢ አስደርገው ይያዙ።

*ሁለት መሥሪያ ቤቶች አንዱ ወደ ሌላው ቢያመላክቱዎት።* ተስፋ አይቁረጡ፤ እንዲያውም ከጀመሩት የበለጠ ጉዳይ አግኝተዋል። በየትኛው ቀን የትኛው ቢሮ ወደ የትኛው እንደላከዎት በቅደም ተከተል ይጻፉ፤ አቋምዎንም ወደዚያ ያዙሩት፦ ከሁሉ በፊት ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ የክልሉ መንግሥት በጽሑፍ ይወስን።

*ዓረፍተ ነገሩ ከሁለት መስመር ቢረዝምብዎ።* ሁለት አቋም ይዘዋል ማለት ነው። ሁለተኛውን ለሌላ ጽሑፍ ያስቀምጡት።

ደረጃ 3፦ የሚቃወምዎትን ሰው ሄደው ያግኙ

ይህን ደረጃ የሚዘል ጸሐፊ ብዙ ነው፤ አንባቢም ወዲያው ያውቅበታል። በምሳሌያችን የሚቃወሙት አስጋሪዎቹ ናቸው። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ አሞራ ገደል ይሂዱ፤ ገበያው በሚጦፍበት ሰዓት ግን ማንንም አያነጋግሩ። መረብ የሚለቅመውን ወይም ሥራውን ጨርሶ የተቀመጠውን ይጠብቁ። በዕድሜ የሚበልጥዎትን «ጋሼ»፣ ዓሣ እየገፈፉ የሚሸጡትን እናት «እማማ» ብለው ሰላምታ ይስጡ፤ ማን እንደሆኑና ለምን እንደሚጠይቁ አስቀድመው ይናገሩ፤ ለጋዜጣ የሚጻፍ መሆኑንም አይደብቁ።

ጥያቄዎ ክስ አይሁን። «ለምን ያልደረሰ ዓሣ ትይዛላችሁ?» የሚለው ጥያቄ በሩን ይዘጋዋል። «ከአምስት ዓመት በፊት የምትጠቀሙበት መረብ ከአሁኑ በምን ይለያል? ከየት ትገዙታላችሁ?» ብለው ይጀምሩ። ምናልባት ጠባብ ዐይን ያለው መረብ በግልጽ ሱቅ እንደሚሸጥ፣ እነሱ ቢተዉት ሌላው እንደሚጠቀምበት፣ ሰፊ ዐይን ያለውን ለመግዛት ገንዘብ እንደሌላቸው ይነግሩዎታል። አንዱም «ገበያ ላይ የሚለካው ዓሣ የሞተ ዓሣ ነው፤ ብትመልሰው ማን ይጠቀማል?» ሊልዎ ይችላል። ይህ ጠንካራ ጥያቄ ነው፤ ሊሸሹት አይገባም። በተጨማሪም ዓሣ የሚወርድባቸው የሐይቁ ዳርቻዎች ከአንድ በላይ ስለሆኑ በአንድ በር የቆመ ተቆጣጣሪ ዓሣውን ወደ ሌላ ቦታ ከማስኬድ በቀር ብዙ ላያደርግ ይችላል።

እንዲህ ያለ መልስ ሲያገኙ ወደ ደረጃ 2 ይመለሱና አቋምዎን ያርሙ። በምሳሌያችን እርማቱ ይህን ይመስላል፦ «ሥልጣኑ ያለው መሥሪያ ቤት አስጋሪውን ከመቅጣቱ በፊት ጠባብ ዐይን ያለውን መረብ የሚሸጠውን ነጋዴ ይቆጣጠር፤ አስጋሪውም መረቡን የሚለውጥበት ብድር ያመቻችለት።» አዲሱ አቋም ከመጀመሪያው የተሻለ የሆነው ስለለዘበ አይደለም። እንዲያውም አሁን የሚቃወሙት ሁለት ወገኖች አሉ፦ መረብ ነጋዴውና ብድር እንዲሰጥ የተጠየቀው ተቋም። የተሻለ የሆነው ጉዳዩ ከሚጀምርበት ቦታ ስለያዘው ነው።

*በሲዳምኛ የሚነጋገሩ ከሆነ።* የሰሙትን ወደ አማርኛ ሲመልሱ ሰውየው ያላለውን ውበት አይጨምሩለት፤ ያልተማረ ለማስመሰልም አማርኛውን አያሰናክሉ። ከሲዳምኛ የተመለሰ መሆኑን በጽሑፉ ውስጥ ይግለጹ። እርስዎ ቋንቋውን የማያውቁ ከሆነ የሚያስተረጉሙት ሰው የተጠያቂው አለቃ ወይም ተፎካካሪ አለመሆኑን ያረጋግጡ።

*ስሙ እንዲጠቀስ የማይፈልግ ከሆነ።* ይተዉት። በአስተያየት ጽሑፍ ውስጥ «በሐይቁ ላይ ለዓመታት የሠራ አስጋሪ» በቂ ነው። የሚጎዳውን ዝርዝር፣ የጀልባውን ምልክት ጭምር፣ ያስወግዱ።

ደረጃ 4፦ ማስረጃዎን ይለዩ

ደብተርዎን ይክፈቱ። በ«ያየሁት» ሥር ያለውን በእርግጠኝነት፣ በ«የሰማሁት» ሥር ያለውን ከተናገረው ሰው ጋር፣ በ«ያነበብኩት» ሥር ያለውን ከሰነዱ ስም ጋር ይጻፉ። «ጥናቶች እንደሚያሳዩት» የሚለውን ሐረግ ጨርሶ አይጠቀሙ። ጥናቱን አንብበው ከሆነ ማን በየትኛው ዓመት እንዳደረገው ይናገሩ፤ ካላነበቡት አይጥቀሱት። በሐይቁ ዓሣ ላይ ምርምር የሚያደርጉ መምህራን በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስላሉ የሳይንስ ጥያቄ ካለዎት ሩቅ አይሄዱም።

«ሕግ የለም» ብለው ከመጻፍዎ በፊት ሕግ መኖሩን ያረጋግጡ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል። አዋጁን ሳያነብ «መንግሥት ሕግ ያውጣ» ብሎ የሚጠይቅ ጸሐፊ ኃላፊዎቹን ከጥያቄው ያድናቸዋል፤ «ሕጉማ አለ» ብለው በአንድ ቃል ይገላገሉታል። «ሕጉ አለ፤ አልተፈጸመም» ብለው ሲመጡ ግን የሚያመልጡበት መንገድ ይጠብባል።

ቁጥርና ቀን ላይ ሦስት ጥንቃቄዎችን ያድርጉ።

1. ዘመኑን ይለዩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በእኛና በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ልዩነቱ 8 ዓመት ይሆናል። የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ የተካሄደው ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን ክልሉ የተመሠረተው በዚያው ዓመት ሰኔ ነው፤ በአውሮፓውያኑ ግን የመጀመሪያው በ2019፣ ሁለተኛው በ2020 ላይ ይውላል። ከውጭ ሰነድ የወሰዱትን ዓመት ሁሉ አንድ በአንድ ይመልሱ እንጂ በጅምላ 8 አይቀንሱ።

2. «ባለፈው ዓመት» አይበሉ። የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሚቆጠር በነሐሴ የሚጽፉት «ባለፈው ዓመት» ለሒሳብ ሠራተኛው አንድ፣ ለገበሬው ሌላ ነው። ዓመቱን በአኃዝ ይጻፉ።

3. መቶኛን ከመነሻው ጋር ይስጡ። የአንድ ኪሎ ዓሣ ዋጋ ከ200 ብር ወደ 300 ብር ወጣ እንበል። «በ50 በመቶ ጨመረ» ማለት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሁለቱን ዋጋዎች ካልጻፉ አንባቢው ለራሱ ኪስ ሊያሰላው አይችልም።

ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ እውነት ደግሞ ይቅር። የሐዋሳ ሐይቅ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ዋና ገባሪው ጥቁር ውሃ ነው። ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ የሚጽፉ ቢሆን ይህ የጽሑፉ እምብርት ይሆን ነበር፤ ስለ መረብ ሲጽፉ ግን ቦታ ይይዛል እንጂ አይረዳዎትም።

ደረጃ 5፦ ረቂቁን ይጻፉ

በአንድ ተቀምጦ ይጻፉት። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

1. ባዩት ነገር ይጀምሩ፤ «እንደሚታወቀው» ብለው አይጀምሩ። ከታወቀ መጻፍ አያስፈልግም። በገበያው ጠረጴዛ ላይ ከመዳፍ የማይበልጥ ቆሮሶ አይተው ከሆነ እሱን ይጻፉ።

2. አሞራ ገደልን ለማያውቅ አንባቢ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ያስረዱ፦ «በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ»። ጋዜጣው ጎንደርም ድሬዳዋም ይነበባል፤ ከአቶቴ እስከ ፒያሳ ያለውን መንገድ ሁሉም አያውቀውም።

3. አቋምዎን ከሁለተኛው አንቀጽ አያሳልፉ። ወደ መጨረሻው ማቆየት አስተያየትዎን ረጅም መግቢያ ያደርገዋል፤ ቦታ ሲጠብ አዘጋጁ የሚቆርጠውም ከታች ነው።

4. ማስረጃዎን ከጠንካራው ወደ ደካማው ይደርድሩ።

5. የተቃዋሚዎን መልስ እሱ ራሱ ቢጽፈው በሚያስቀምጠው ጥንካሬ ይጻፉ። «አንዳንዶች ግን ይህን ይቃወማሉ» ብለው አያልፉ። ለአስጋሪው አንድ ሙሉ አንቀጽ ይስጡት፤ ዛሬ የማይገባው ዓሣ ዛሬ የማይበላ እራት መሆኑን ይናገሩለት። ከዚያ ይመልሱለት።

6. በጥያቄዎ ይጨርሱ፦ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ።

*መሐል ላይ ቢደነቃቀፉ።* በአካል ላገኙት አንድ ሰው እንደሚናገሩ ሆነው በቃል ያስረዱ፤ የተናገሩትን በስልክዎ ይቅዱና ከዚያ ይጻፉ። ብዙ ጊዜ የሚያደናቅፈው ቃል ማጣት አይደለም፤ በደረጃ 2 ያልተመለሰ ጥያቄ ነው።

ደረጃ 6፦ ቋንቋውን ያጥሩ

ረቂቁን ቢያንስ አንድ ሌሊት ካሳደሩት በኋላ የሚከተሉትን በዚህ ቅደም ተከተል ይሥሩ። ሁሉንም በአንድ ንባብ ለማድረግ አይሞክሩ።

*ሀ. ባለቤት የሌላቸውን ግሦች ያድኑ።* «ተደርጓል»፣ «ይደረጋል»፣ «ሊሠራ ይገባል»፣ «ታምኖበታል» ከሚሉት ሥር ያስምሩና ከእያንዳንዱ አጠገብ «ማን?» ብለው ይጻፉ። መልሱን የሚያውቁ ከሆነ በግሡ ፊት ያስገቡት። የማያውቁ ከሆነ «ማን እንደወሰነ ለማወቅ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም» ብለው ይናገሩ፤ ይህ ራሱ ማስረጃ ነው። አድራጊውን መሰወር አማርኛችን በቀላሉ የሚፈቅድልን ነገር ስለሆነ ይህን ልማድ መስበር ከባድ እንደሚሆንብዎ ይወቁ። የቢሮ ደብዳቤ እያነበበ ያደገ ትውልድ ሁሉ በዚህ አነጋገር ይጽፋል፤ ዜጋ የቢሮን አፍ ተውሶ ቢሮን መጠየቅ ግን አይችልም።

*ለ. ባለቤትን ከማሰሪያ አንቀጹ አያርቁ።* ረጅም ዓረፍተ ነገር ነውር አይደለም፤ ነውሩ በውስጡ ሦስት ባለቤት መኖሩ ነው። ይህን ይመልከቱ፦ «አስጋሪዎቹ ቢሮው መረቡን ሲነጥቃቸው ማኅበሩ ዝም በማለቱ ተቆጥተው አቤቱታ ቢያቀርቡም ውሳኔ ሳይሰጥ በመቅረቱ አዝነው ተመለሱ።» ውሳኔ ያልሰጠው ማን ነው? ቢሮው፣ ማኅበሩ ወይስ አቤቱታው የቀረበለት ሌላ ሰው? እንዲህ ይክፈሉት፦ «ቢሮው መረባቸውን ነጠቀ፤ ማኅበሩም ዝም አለ። አስጋሪዎቹ ተቆጥተው ለከተማው አስተዳደር አቤቱታ አቀረቡ፤ አስተዳደሩ ግን ውሳኔ አልሰጠም።»

*ሐ. ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ የሚለወጥ ቃል ይፈትሹ።* ጽሑፋችን ማጥበቅን ስለማያሳይ «ይሰጣል»፣ «ይለካል»፣ «ሳይሰጥ» የሚሉት ሁለት መልክ አላቸው። «በገበያው ተቆጣጣሪ ይለካል» ሲሉ ተቆጣጣሪው ሌላውን የሚለካ ይሁን ራሱ የሚመዘን አይታወቅም። «ተቆጣጣሪው ዓሣውን ይለካል» ብለው ተሳቢውን ከነ«ን»ው ያስገቡት። እርስዎ ምን ለማለት እንደፈለጉ ስለሚያውቁ ሲያነቡት አይታይዎትም፤ ስለዚህ ጉዳዩን የማያውቅ ሰው ድምፁን አውጥቶ እንዲያነብልዎ ያድርጉ። የተሰናከለበትን ቦታ ሁሉ ምልክት ያድርጉበት፤ ለምን እንደተሰናከለ ግን አይከራከሩት።

*መ. ሆሄውን አንድ ያድርጉ።* ዓሣ፣ ዓሳ፣ አሳ፤ ሐዋሳ፣ ሀዋሳ፣ አዋሳ፤ ኃይል፣ ሀይል። የመረጡት ጋዜጣ እንዴት እንደሚጽፍ ይዩና አንዱን ይያዙ፤ ከዚያ በኮምፒውተሩ መፈለጊያ ሌሎቹን አንድ በአንድ እየፈለጉ ያርሙ። ስለ ዓሣ በሚጽፍ ገጽ ላይ ዓሣ በሦስት ዓይነት ተጽፎ ያየ አዘጋጅ ቁጥሮቹንም ይጠረጥራል።

*ሠ. አንቱታን በእኩል ያከፋፍሉ።* ብዙ ረቂቅ ውስጥ ከንቲባው «ተናገሩ»፣ አስጋሪው ግን «ተናገረ» ይባላል። ጸሐፊው ለአስጋሪው እየተከራከረ ሳለ በግሡ ዝቅ ያደርገዋል። ወይ ለሁለቱም «ተናገሩ» ይበሉ፣ ወይ ለሁለቱም «ተናገረ»። እኔ ሁለቱንም ማክበሩን እመርጣለሁ።

*ረ. ተረትና ምሳሌ በማስረጃ ቦታ አያስቀምጡ።* «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው ቢጽፉ ሌላው «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ይመልስልዎታል፤ ሁለቱም የአባቶች ቃል ስለሆኑ ክርክሩ እዚያው ይቆማል። ማስረጃዎን ከሰጡ በኋላ አንድ ብቻ ቢጠቀሙ አይከፋም፤ በመክፈቻው ላይ ግን አይሁን።

*ሰ. ወግ የበዛባቸውን ሐረጎች ይሰርዙ።* «ከመቼውም ጊዜ በላይ»፣ «ልብ ሊባል የሚገባው»፣ «ከዚህ ጋር በተያያዘ»፣ «በአሁኑ ሰዓት»። ያለ እነሱ ዓረፍተ ነገሩ ይቆማል።

*ሸ. ርዕሱን በመጨረሻ ያውጡ።* ባለቤትና ግሥ ይኑረው። «የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ ጉዳይ» የሚለው ምንም አይነግርም፤ «መረብ ሻጩ ሳይጠየቅ አስጋሪው አይቀጣ» የሚለው አቋሙን ተሸክሞታል።

ደረጃ 7፦ በሰው ክብርና በሕግ በኩል ይፈትሹ

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብትዎን ያረጋግጣል፤ የግለሰብን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደረግበት እንደሚችልም እዚያው ይናገራል። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት ተከልክለዋል። ሁለቱንም ያንብቧቸው።

ተግባራዊው ፈተና ይህ ነው። ፍርድዎን ከክስ ይለዩ፦ «ኃላፊው ቁጥጥሩን ማቋረጣቸው ስሕተት ነው» አስተያየት ነው፤ «ኃላፊው ከመረብ ነጋዴው ገንዘብ ተቀብለዋል» ግን የወንጀል ክስ ስለሆነ ሰነድ ከሌለዎት ከረቂቁ ይውጣ። «ይባላል» ብሎ መጨመር አያድንዎትም። የወቀሱትን ሰው ወይም መሥሪያ ቤት ከመላክዎ በፊት ይጠይቁ፤ መልስ የሚሰጥበት ቀን ይስጡት፤ መልሱንም አጭር ቢሆን እንኳ ያስገቡ።

ከሁሉ በላይ ድርጊትን ለሕዝብ አይስጡ። ድርጊቱን የፈጸመው ነጋዴ፣ ኃላፊ ወይም ማኅበር ከሆነ በሥራው ይጥሩት፤ የመጣበትን ብሔር ወይም ሃይማኖት አይጥቀሱ። በሐዋሳ የተለያየ ሕዝብ በአንድ ገበያ ይውላል፤ በግዴለሽነት የተጻፈ አንድ ቅጽል ጽሑፉን ያነበበ ሁሉ ስለ መረቡ ረስቶ ስለ ራሱ ወገን እንዲያስብ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጉዳት ጸሐፊው አይመልሰውም።

ደረጃ 8፦ መላክና ከተላከ በኋላ

1. በዩኒኮድ ይተይቡ። በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ላይ የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ወደ ሌላ ስልክ ልከው ከፍተው ካዩት በኋላ ይላኩት።

2. በኢሜይሉ ርዕስ ላይ የጽሑፉን ርዕስና የቃላቱን ብዛት ይጻፉ። ውስጡ ላይ ሙሉ ስም፣ ሥራ፣ ስልክና ጽሑፉ ስለምን እንደሆነ የሚገልጽ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የሕይወት ታሪክ አይላኩ።

3. በአንድ ጊዜ ለአንድ ጋዜጣ ብቻ ይላኩ። ሁለት ጋዜጦች በአንድ ሳምንት ቢያወጡት ሁለቱም ዳግም አይቀበሉዎትም።

*መልስ ባይመጣ።* ሁለት እትሞች ካለፉ በኋላ አንድ ጊዜ በትሕትና ይጠይቁ። አሁንም ዝም ካሉ ጽሑፉን ማንሣትዎን በጽሑፍ አሳውቀው ወደ ሌላ ይላኩ። ቀኖቹንና «በዚህ ሳምንት» የሚሉትን ማረም አይርሱ።

*ተቆርጦ ቢወጣ።* የተቆረጠው ማብራሪያ ከሆነ ይተዉት። አቋምዎን የሚገለብጥ ቃል ከተለወጠ ግን በዚያው ቀን ለአዘጋጁ ይጻፉ፤ የመጀመሪያውንና የታተመውን ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን አስቀምጠው እርማት ይጠይቁ። በስልክ አይጨቃጨቁ።

*ስሕተት እንደጻፉ ቢነገርዎ።* ደብተርዎን ይዩ። ስሕተቱ የእርስዎ ከሆነ ማረሚያውን ራስዎ ይላኩ፤ የተቃዋሚዎን ደብዳቤ አይጠብቁ።

*የሚቃወም ጽሑፍ ቢወጣ።* ለስድቡ መልስ አይስጡ፤ ማስረጃ ካቀረበ ለማስረጃው ብቻ ይመልሱ፤ ካሳመነዎት ያንኑ ይጻፉ።

4. ጽሑፉ እንደወጣ ጋዜጣውን ገዝተው አንድ ቅጂ ላነጋገሯቸው አስጋሪዎች ይውሰዱ፤ ማንበብ ለማይችሉት ያንብቡላቸው። ሌላ ቅጂ ከአጭር ደብዳቤ ጋር አያይዘው ጥያቄው ለቀረበለት መሥሪያ ቤት ገቢ ያስደርጉ።

5. በጽሑፉ መጨረሻ «እስከ መቼ» ብለው ያስቀመጡትን ቀን በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ምልክት ያድርጉበት። ቀኑ ሲደርስ ወደ አሞራ ገደልም ወደ መረብ ሱቆቹም ይሂዱ፤ የተለወጠውንና ያልተለወጠውን ያዩትን ብቻ በደብተርዎ ይመዝግቡ፤ ሁለተኛውን ጽሑፍም ከደረጃ 2 ጀምረው ይጻፉ።